የላፕቶፕ ስክሪን ብርሃንና ቀለም ለምን ይለዋወጣል?



አባቶቻችን «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ይላሉ። እኔም በዚህ ዓመት መጽሔታችን ላይ ልጽፍ የተነሣሁት የአንድ ትንሽ ችግር ሥሩ እስኪገኝ ድረስ ስለ ተደረገ ፍለጋ ነው። ችግሩም የአንድ ላፕቶፕ ስክሪን ብርሃንና ቀለም ማንም ሳያዘው መለዋወጡ ነበር። ነገሩ ሲነገር ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ከቤታችን 14,000 ብር ሊያስወጣ፣ ከዚያም አልፎ የታላቅ እህቴን የመመረቂያ ጽሑፍ በስሕተት ሊሞላው ጥቂት ነበር የቀረው። እንዲህ ያለው ችግር በነቀምቴም ሆነ በጊምቢ፣ በሻምቡም ሆነ በደምቢ ዶሎ፣ ላፕቶፕ ባለበት ቤት ሁሉ ሊደርስ የሚችል ነው። ስለዚህ የተማርሁትን ለጓደኞቼ ለማካፈል፣ ለወላጆችም ገንዘባቸውን ከማውጣታቸው በፊት ምን ምን መጠየቅ እንደሚገባቸው ለማመልከት ይህን ጽፌአለሁ።

ነገሩ እንዴት እንደ ጀመረ

ታላቅ እህቴ በወለጋ ዩኒቨርሲቲ የዕፅዋት ሳይንስ ተማሪ ናት። ባለፈው ኅዳር ወር በጊምቢ አካባቢ ባሉ የቡና ማሳዎች እየተዘዋወረች የ120 የቡና ቅጠሎችን ፎቶግራፍ አነሣች። ሥራዋ ቅጠሎቹን በየቀለማቸው መለየት ነበር። የቡና ቅጠል ዝገት የሚባለው በሽታ በቅጠሉ ታችኛ ገጽ ላይ ብርቱካን የሚመስል ቢጫ የዱቄት ነጠብጣብ ያወጣል፤ ተክሉ ናይትሮጅን ሲያንሰው ደግሞ በተለይ አሮጌዎቹ ቅጠሎች ገጻቸው በሙሉ ገርጥቶ ወደ ቢጫነት ያዘነብላል። እንግዲህ በዚህ ሥራ ውስጥ አረንጓዴውን አረንጓዴ፣ ቢጫውን ቢጫ ብሎ ማየት ዋናው ነገር መሆኑን ልብ በሉ።

በመጋቢት ወር እህቴ ፎቶግራፎቹን በላፕቶፑ ላይ ማየት ጀመረች። በሦስተኛው ቀን ጧት ግን ደብተርዋን ይዛ ወደ እኔ መጣችና «ይህን ቅጠል ትናንት ማታ አረንጓዴ ብዬ ጽፌው ነበር፤ አሁን ሳየው ቢጫ ነው። ማን ለወጠው?» ብላ ጠየቀችኝ። ቀርቤ ባየው እውነትዋን ነው። ቅጠሉ ብቻ ሳይሆን ነጩ ገጽ ሁሉ እንደ ቅቤ ቢጫ ብሏል። በዚህ ላይ ደግሞ ስክሪኑ አንዳንዴ በድንገት ይደበዝዛል፤ ጥቂት ቆይቶም ተመልሶ ይበራል።

በማግስቱ ጧት ላፕቶፑን ወደ አንድ ጠጋኝ ወሰድነው። ከፍቶ አየውና «ስክሪኑ ደክሟል፤ ቀለሙን ጥሏል። መለወጥ አለበት፤ ዋጋው ከነሥራው 14,000 ብር ነው» አለን። እናቴ ከቡና ሽያጭ አስተርፋ ለክረምቱ ማዳበሪያ ያስቀመጠችው ገንዘብ ነበር። እህቴ ጽሑፍዋን የምታስረክብበት ቀን ስለ ቀረበ፣ እናቴ «ማዳበሪያው ይቅር፤ ትምህርትዋ ይብሳል» ብላ ከሣጥን ልታወጣው ተነሣች። እኔ ግን «እማዬ፣ አንድ ሳምንት ብቻ ታገሺኝ» ብዬ ለመንኋት። ሳምንት ሰጠችኝ።

የመምህሬ ምክር

በትምህርት ቤታችን የኮምፒዩተር ክበብ አባል ነኝና ችግሩን ለመምህራችን ነገርሁ። እሳቸውም ላፕቶፑን እንኳ ሳያዩ እንዲህ አሉኝ፦ «አንድ ደብተር ያዝ። ችግሩ በታየ ጊዜ ሁሉ ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ ቻርጀሩ መሰካቱንና አለመሰካቱን፣ ስክሪኑ የሚመስለውን ጻፍ። ከዚያ በኋላ አንድ ነገር ለውጠህ ውጤቱን እይ። በአንድ ጊዜ ሁለት ነገር አትለውጥ፤ ሁለት ነገር ለውጠህ ችግሩ ቢጠፋ የትኛው እንዳጠፋው አታውቅምና።»

ምክሩ የሳይንስ ክፍለ ጊዜ ሙከራ እንጂ የጥገና ትምህርት አልመሰለኝም ነበር። በኋላ ግን ጥገና ማለት ራሱ ሙከራ መሆኑን ተረዳሁ።

ስክሪን ብርሃንና ቀለሙን ከየት ያገኛል?

ወደ ምርመራው ከመግባታችን በፊት የስክሪኑን አሠራር ባጭሩ ማወቅ ይጠቅማል። አብዛኞቹ የላፕቶፕ ስክሪኖች ኤልሲዲ የሚባሉት ናቸው። ኤልሲዲ በራሱ ብርሃን የለውም። ከበስተኋላው ነጭ ብርሃን የሚሰጡ ኤልኢዲ የተባሉ ጥቃቅን መብራቶች አሉ። ከመብራቶቹ ፊት ፈሳሽ ክሪስታል የያዘ ስስ ሽፋን ይገኛል። ይህም ሽፋን እንደ መስኮት መጋረጃ ነው፤ በኤሌክትሪክ ኀይል እየታዘዘ ብርሃኑን ጥቂት ወይም ብዙ ያሳልፋል። በመጨረሻም ብርሃኑ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ በሆኑ ማጣሪያዎች በኩል ያልፋል። ታላላቆቻችን በየክፍላቸው ይማሩበት የነበረው ፕላዝማ ግን ከዚህ የተለየ ነበር፤ በእርሱ እያንዳንዷ ነጥብ የራስዋን ብርሃን ትሰጥ ነበር።

የእህቴ ላፕቶፕ ስክሪን በወርዱ 1,366፣ በቁመቱ 768 ነጥቦች አሉት። ሁለቱ ሲባዙ 1,049,088 ነጥቦች ይሆናሉ። እያንዳንዷ ነጥብ ደግሞ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ የሆኑ ሦስት ክፍሎች ስላሉዋት፣ በጠቅላላው 3,147,264 ጥቃቅን መጋረጃዎች በአንድ ስክሪን ላይ ይሠራሉ ማለት ነው። ሦስቱም ቀለሞች በሙሉ ሲያልፉ ዓይናችን ነጭ ያያል። ሰማያዊው ብቻ ከተቀነሰ ግን የቀሩት ቀይና አረንጓዴ ተቀላቅለው ቢጫ ይመስላሉ።

ከዚህ ሁለት ትምህርት እናገኛለን። አንደኛ፣ ብርሃንና ቀለም ሁለት የተለያዩ ጉዳዮች ናቸው፤ ብርሃን በይበልጥ ከኋላው መብራት፣ ቀለም ደግሞ ከመጋረጃዎቹና ከሚደርሳቸው ትእዛዝ ይመጣል። ስለዚህ ሁለቱ በአንድ ጊዜ ቢታወኩም ምክንያታቸው አንድ ነው ብሎ መቸኰል አይገባም። ሁለተኛ፣ ስክሪን ቢጫ መሰለ ማለት ሰማያዊው ተቀነሰ ማለት ነው። እንግዲህ ጥያቄው «ሰማያዊውን ማን ቀነሰው?» የሚል ይሆናል።

ያደረግኋቸው ሦስት ፈተናዎች

በመጀመሪያ ጥፋቱ ከስክሪኑ አካል ነው ወይስ ከኮምፒዩተሩ ትእዛዝ የሚለውን ለመለየት ሦስት ፈተናዎች አደረግሁ። አንዳቸውም ገንዘብ አይጠይቁም።

የመጀመሪያው የስክሪንሾት ፈተና ነው። ጧት ስክሪኑ ቢጫ በሆነበት ሰዓት ስክሪንሾት አነሣሁና ወደ ስልኬ ልኬ አየሁት። በስልኬ ላይ ነጩ ነጭ፣ ቅጠሉም አረንጓዴ ነበር። ቢጫነቱ በስልኬም ላይ ታይቶ ቢሆን ኖሮ ጥፋቱ ከፎቶግራፉ ወይም ከሚያሳየው ፕሮግራም ነው ባልሁ ነበር። እንግዲህ ፎቶግራፉ ደኅና ነው ማለት ነው። ይህን ስነግራት እህቴ እፎይ አለች፤ ስክሪን ቀለም ቢያበላሽ የሚያበላሸው የምናይበትን እንጂ የተቀመጠውን ፋይል አይደለምና።

ሁለተኛው የፕሮጀክተር ፈተና ነው። በመምህራችን ፈቃድ ላፕቶፑን ጧት ወደ ትምህርት ቤት ይዤው ሄድሁና በኤችዲኤምአይ ገመድ ከፕሮጀክተሩ ጋር አገናኘሁት። በግድግዳውም ላይ ቢጫ ሆኖ ወጣ። የላፕቶፑ ስክሪን ብቻ ደክሞ ቢሆን ኖሮ ፕሮጀክተሩ ለምን ቢጫ ይሆናል?

ሦስተኛው የባዮስ ፈተና ነው። ላፕቶፑ ሲበራ፣ ዊንዶውስ ከመነሣቱ በፊት፣ ኤፍ 2 የተባለውን ቁልፍ ደጋግሜ ስጫን ባዮስ የሚባለው ገጽ ወጣ። (ቁልፉ እንደ አምራቹ ይለያያል፤ በአንዳንዱ ኤፍ 10፣ በአንዳንዱም ዲሊት ነው።) በዚህ ገጽ ላይ የዊንዶውስ ትእዛዝ ገና አልደረሰም። ሰዓቱ ከጧቱ 2 ሰዓት ሲሆን የባዮሱ ነጭ ፊደል ጥርት ያለ ነጭ ነበር። ምንም ሳልለውጥ ወጥቼ ዊንዶውስ ሲነሣ ግን ቢጫው ተመለሰ።

ሦስቱ ምስክሮች አንድ ቃል ተናገሩ፦ ስክሪኑ አልደከመም፤ ሰማያዊውን የሚቀንስ ከዊንዶውስ ውስጥ አለ።

ብርሃኑ የሚደበዝዝበት ምክንያት

ከቀለሙ ይልቅ ቀድሞ የተገኘው የብርሃኑ ምክንያት ነው። ደብተሩን በሦስተኛው ቀን ብመለከተው፣ ስክሪኑ በደበዘዘ ጊዜ ሁሉ «ቻርጀር» በሚለው ዓምድ ሥር «ጠፍቷል» የሚል ተጽፏል። እኔ ትምህርት ቤት ስሆን የምትመዘግበው እህቴም፣ ምክንያቱን ሳታውቅ፣ ያንኑ ጽፋለች።

በአገራችን የመብራት መጥፋትና መዋዠቅ እንግዳ ነገር አይደለም። የፊንጫ የውሃ ኀይል ማመንጫ ከ1973 በአውሮፓውያን አቆጣጠር ጀምሮ በዚሁ በወለጋ ምድር ሲሠራ የኖረ ቢሆንም፣ እኛም እንደ ሌላው ሰው ኩራዝና ሻማ ከቤታችን አናጠፋም። ስለዚህ ብዙ ሰው የላፕቶፕ ስክሪን ሲደበዝዝ «ኀይሉ ወርዶ ነው» ይላል። ይህ ግን በአምፖል እንጂ በላፕቶፕ ላይ እንዲሁ የሚሠራ አይደለም። የቻርጀሩን ጽሑፍ ብታነቡት አብዛኛውን ጊዜ ከ100 እስከ 240 ቮልት ይላል። በግድግዳችን ላይ ያለው 220 ቮልት ጥቂት ወረድ ወይም ከፍ ቢልም፣ ቻርጀሩ ለላፕቶፑ የሚሰጠውን 19 ወይም 20 ቮልት ያህል ሳይለውጥ ይሰጣል። ነገር ግን ኀይሉ ጨርሶ ሲቋረጥ ላፕቶፑ ወደ ባትሪ ይዞራል። ያን ጊዜ ባትሪ ለመቆጠብ ብርሃኑን ራሱ ይቀንሳል። በተለይም ባትሪው እየወረደ 20 ከመቶ ሲደርስ ባትሪ ሴቨር የሚባለው ሥርዓት በብዙዎቹ ላይ በራሱ ተነሥቶ ስክሪኑን ያደበዝዛል።

እኛ ቤት ግን መብራት ሳይጠፋም ቻርጀሩ ይጠፋ ነበር። ገመዱን ተከትዬ ስመረምር ጥፋቱን ከማከፋፈያው ላይ አገኘሁት። የማከፋፈያው ቀዳዳ ላልቶ፣ ሰው በአጠገቡ ባለፈ ቍጥር ሶኬቱ ይላቀቃል። በ350 ብር አዲስ ማከፋፈያ ገዛንና መደብዘዙ ቆመ።

የሌሎች ሰዎች ላፕቶፕ ግን በሌላ ምክንያት ሊደበዝዝ ስለሚችል፣ ከመምህራችንና ከክበባችን አባሎች ጋር ያጠናናቸውን እዚህ ልዘርዝር።

1ኛ. የብርሃን ቁልፍ። ከላይ በኤፍ ተርታ ላይ የፀሐይ ምልክት ያለባቸው ሁለት ቁልፎች አሉ። ሕፃናት ሲነካኩ ወይም ስናጸዳ ሳይታወቅ ይጫናሉ። በመጀመሪያ የሚታዩት እነዚህ ናቸው።

2ኛ. የብርሃን ሰንሰር። አንዳንድ ላፕቶፖች በካሜራው አጠገብ የክፍሉን ብርሃን የሚለካ ትንሽ ዓይን አላቸው። ሰው በመስኮት በኩል ሲያልፍ ወይም ፕላስተር ሲለጠፍበት ጨለማ መጣ ብሎ ስክሪኑን ይለውጣል። ከሴቲንግ ውስጥ በዲስፕሌይ ሥር ሊዘጋ ይችላል።

3ኛ. በሚታየው ነገር መጠን የሚለወጥ ብርሃን። ጥቁር ገጽ ሲከፈት ብርሃኑ ይወርዳል፤ ነጭ ገጽ ሲከፈት ይወጣል፤ ስክሪኑ የሚተነፍስ ይመስላል። ይህ ባትሪ ለመቆጠብ የተሠራ ሥርዓት እንጂ ብልሽት አይደለም። እርሱም ከዲስፕሌይ ሴቲንግ ወይም ከግራፊክስ ፕሮግራሙ ይዘጋል።

4ኛ. የማጠፊያው ገመድ። ክዳኑን ከፍ ዝቅ ስታደርጉት ብቻ የሚበራና የሚጠፋ ከሆነ፣ በማጠፊያው ውስጥ የሚያልፈው ገመድ ተላልጧል ወይም ላልቷል ብሎ መጠርጠር ይገባል። ይህ የጠጋኝ ሥራ ነው።

5ኛ. የኋላው መብራት። ስክሪኑ ጨርሶ ቢጨልም በጨለማ ክፍል ውስጥ የስልክ መብራት አግድም አብሩበት። ምስሉ በደብዛዛው ከታየ መጋረጃዎቹ ይሠራሉ፤ የጠፋው የኋላው መብራት ነው። ይህን ለጠጋኙ ብትነግሩት ከግማሽ መንገድ ይጀምራል።

ደብተሩ የገለጠው ምስጢር

አሁን ወደ ቢጫው ነገር እንመለስ። የአምስት ቀን መዝገባችን እንዲህ ይል ነበር፦ ከጧቱ 1 ሰዓት፣ ቢጫ። ከጧቱ 3 ሰዓት፣ ቢጫ። ከቀኑ 6 ሰዓት፣ ቢጫ። ከቀኑ 8 ሰዓት፣ ነጭ። ከምሽቱ 2 ሰዓት፣ ነጭ። ከምሽቱ 4 ሰዓት፣ ነጭ። በአምስቱም ቀን አንድ ዓይነት ነው። ቻርጀር ተሰካም አልተሰካም፣ ላፕቶፑ ሳሎን ሆነ መኝታ ቤት፣ ልዩነት የለም። ቢጫው የሚታዘዘው በሰዓት ነው።

ቅዳሜ ዕለት ከቀኑ 6 ሰዓት ጀምሮ ነጭ ገጽ ከፍቼ ከፊቱ ተቀመጥሁ። ልክ ከቀኑ 7 ሰዓት ሲሆን፣ እያየሁት፣ ቢጫው ለቀቀና ስክሪኑ ነጣ። ቶሎ ብዬ በጥግ ያለውን የላፕቶፑን ሰዓት ተመለከትሁ። 7:00 ይላል፤ ከአጠገቡ ግን «ኤኤም» የሚል አለ። ኤኤም ማለት ከእኩለ ሌሊት እስከ ቀትር ያለው ጊዜ ነው። ለካ ላፕቶፑ ገና መንጋቱ ነው ብሎ ያምናል!

ያን ጊዜ የራሴን ሥራ አስታወስሁ። በጥር ወር እናቴ የላፕቶፑ ሰዓት ከግድግዳው ሰዓት ጋር ስለማይገጥም ትደናገር ነበር። እንደምታውቁት እኛ ሰዓት የምንቈጥረው ከንጋት ጀምሮ ነው፤ ፈረንጆች ደግሞ ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ። ልዩነቱ 6 ሰዓት ነው። ነቀምቴ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ያህል ላይ ስለምትገኝ ፀሐይ የምትወጣበት ጊዜ ዓመቱን ሙሉ ብዙ አይለዋወጥም፤ ስለዚህ የእኛ አቈጣጠር ለአገራችን የሚስማማ ነው። እኔም እናቴን ደስ ለማሰኘት የላፕቶፑን የሰዓት ክልል ከናይሮቢ ወደ ቦነስ አይረስ ለወጥሁት። ናይሮቢ ከግሪንዊች 3 ሰዓት ይቀድማል፤ ቦነስ አይረስ 3 ሰዓት ይዘገያል። በመካከላቸው ያለው ልክ 6 ሰዓት ስለ ሆነ፣ ላፕቶፑ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰዓቱን እንደ እኛ አሳየ። ሁላችንም ተደሰትን፤ እኔም ብልሃተኛ ነኝ ብዬ ነበር።

ወደ እህቴ ሄጄ «ናይት ላይት የሚባለውን ከፍተሽ ታውቂያለሽ?» ብዬ ጠየቅኋት። «አዎን፤ በመጀመሪያው ሴሚስተር ፈተና ጊዜ ሌሊት ሳጠና ዓይኔን ስላመመኝ ጓደኛዬ ከፈተችልኝ» አለችኝ። ናይት ላይት ማታ ማታ የስክሪኑን ሰማያዊ ብርሃን ቀንሶ ሞቅ ያለ ቢጫ ቀለም የሚሰጥ የዊንዶውስ ሥርዓት ነው። የሚሠራበት ጊዜ በእህቴ ላፕቶፕ ላይ በፈረንጅ አቈጣጠር ከምሽቱ 9 እስከ ጧቱ 7 ነበር፤ በእኛ ከምሽቱ 3 እስከ ጧቱ 1 ሰዓት ማለት ነው።

እንግዲህ ሒሳቡን እንሥራ። ላፕቶፑ ከእውነተኛው ጊዜ 6 ሰዓት ወደ ኋላ ቀርቷል። ስለዚህ ናይት ላይት ከምሽቱ 3 ሰዓት በመጀመር ፈንታ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ይጀምራል። ከጧቱ 1 ሰዓት በማቆም ፈንታ ደግሞ ከቀኑ 7 ሰዓት ያቆማል። እህቴ ማታ ስትሠራ ቅጠሎቹን በነጭ ብርሃን፣ ጧት ስትሠራ በቢጫ ብርሃን ታይ ነበር። ጠጋኙም ላፕቶፑን ያየው ጧት ነው።

ልብ በሉ። እህቴ ያደረገችው መልካም ነገር ነው፤ ዓይንዋን ለማሳረፍ ነው። እኔ ያደረግሁትም እናቴን ለመርዳት ነው። ሁለቱም ብቻቸውን ቢሆኑ ጉዳት አልነበራቸውም። ሁለቱ በተገናኙ ጊዜ ግን ብልሽት የሚመስል ነገር ፈጠሩ። ላፕቶፑ አንድም ቀን አልተሳሳተም፤ ሁለታችን በየበኩላችን ያዘዝነውን በታማኝነት ይፈጽም ነበር።

የሰዓት ክልሉን ወደ ናይሮቢ መለስሁ። ናይት ላይትም ወደ ሌሊቱ ተመለሰ፤ እህቴ የቀለም ሥራ በምትሠራበት ጊዜ ግን ጨርሳ ትዘጋዋለች። እሑድ ጧት በ2 ሰዓት ሁላችንም ከስክሪኑ ፊት ተሰበሰብን። ነጭ ነበር። እናቴ ገንዘብዋን ወደ ሣጥንዋ መለሰች፤ ለላፕቶፑ ሰዓትም «እኔው 6 እቀንስለታለሁ» አለች።

እህቴ ከ120 ፎቶግራፎች መካከል ጧት ጧት ያየቻቸውን 58ቱን እንደገና አየች። ከነዚህም ውስጥ 17ቱ «ገርጥቷል» ወይም «ቢጫ» ተብለው የተመዘገቡ ጤነኛ አረንጓዴ ቅጠሎች ሆነው ተገኙ። ጽሑፉ በዚያው ተረክቦ ቢሆን ኖሮ፣ የጊምቢ ቡና ሳይታመም ታሟል፣ ማሳውም ማዳበሪያ ሳያንሰው አንሶታል በተባለ ነበር። ከ14,000 ብሩ ይልቅ እኔን ያስደነገጠኝ ይህ ነው።

ቀለም የሚለወጥባቸው ሌሎች ምክንያቶች

ቀለም በሌላ መንገድም ሊለወጥ ይችላል። ዋና ዋናዎቹ እነዚህ ናቸው።

1ኛ. የቀለም ማጣሪያ። ቀለም ለመለየት ለሚቸገሩ ሰዎች የተሠራ ሥርዓት በዊንዶውስ ውስጥ አለ። አቋራጩ ከተፈቀደ የዊንዶውስን ቁልፍ፣ ኮንትሮልንና ሲን አብሮ በመጫን ይከፈታል። ሳይታወቅ ቢጫኑት ስክሪኑ በሙሉ ጥቁርና ነጭ ሊሆን ይችላል። እነዚያኑ ቁልፎች እንደገና መጫን ይመልሰዋል።

2ኛ. የግራፊክስ ድራይቨር። ብዙ ጊዜ ኢንተርኔት ያላገኘ ላፕቶፕ ኔትወርክ ሲያገኝ ብዙ ማሻሻያ በአንድ ጊዜ ያወርዳል፤ ከዚያ በኋላ ቀለሙ ሊለወጥ ይችላል። በመጀመሪያ የዊንዶውስን ቁልፍ፣ ኮንትሮልን፣ ሺፍትንና ቢን አብሮ መጫን ነው፤ ስክሪኑ ለአንድ አፍታ ጨልሞ ድራይቨሩ እንደገና ይነሣል። ካልተመለሰ ከዲቫይስ ማኔጀር ውስጥ ወደ ቀድሞው ድራይቨር መመለስ ይቻላል።

3ኛ. የምናይበት ማዕዘን። በአንዳንድ ርካሽ ስክሪኖች ላይ ከታች ወይም ከጎን ሲያዩት ቀለሙ ይገለበጣል። ስለዚህ ፊት ለፊት ሳይቀመጡ ፍርድ መስጠት አይገባም።

4ኛ. የራሳችን ዓይን። ዓይን የለመደውን ብርሃን ነጭ አድርጎ ይቈጥራል። ቢጫ አምፖል ባለበት ክፍል ቆይተን ስክሪን ብናይ ሰማያዊ ይመስለናል። ለዚህ መድኀኒቱ ነጭ ወረቀት ነው፤ በቀን ብርሃን በመስኮት አጠገብ ወረቀቱን ከስክሪኑ ጎን ይዞ ማነጻጸር። እህቴም ከእንግዲህ ቅጠል ፎቶግራፍ ስታነሣ ከቅጠሉ አጠገብ ነጭ ወረቀት ታስቀምጣለች፤ በኋላ ወረቀቱ ቢጫ መስሎ ከታየ ቅጠሉም ያለ ስሙ ቢጫ መሆኑ ይታወቃል።

5ኛ. እውነተኛ ብልሽት። በአንድ ቦታ ብቻ የሚታይ እድፍ፣ ከላይ እስከ ታች የሚወርድ መስመር፣ ወይም በባዮስም ላይ የማይጠፋ ቀለም ካለ፣ እርሱ የስክሪኑ ወይም የገመዱ ጉዳት ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ ወደ ጠጋኝ መሄድ ተገቢ ነው።

ማጠቃለያ

እንግዲህ ጓደኞቼ፣ ስክሪናችሁ ብርሃኑን ወይም ቀለሙን ሲለውጥ አስቀድማችሁ ብርሃን ነው ወይስ ቀለም ብላችሁ ለዩ። ቀጥሎ በስክሪንሾት፣ በሌላ ስክሪንና በባዮስ ፈትኑት። ከዚያም ሰዓቱንና ሁኔታውን ጻፉ። በመጨረሻም አንድ በአንድ ለውጡ። ላፕቶፑን ሌላ ሰው የሚጠቀምበት ከሆነ ደግሞ «ምን ነካህ?» ብላችሁ በቁጣ ሳይሆን፣ «ምን ለውጠሃል?» ብላችሁ በፍቅር ጠይቁ፤ እኛ ቤት መልሱ በሁለት ሰዎች ተከፋፍሎ ነበርና።

ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁ ወይም ጠጋኝ «ስክሪኑ ይለወጥ» ሲላችሁ «በባዮስ ላይ ታይቷል ወይ? ጧትና ማታስ ታይቷል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። እኛ ወደሄድንበት ጠጋኝ ተመልሼ የሆነውን ስነግረው አልተቈጣም። ከት ብሎ ሣቀና «አንድ ጊዜ ብቻ፣ ያውም ጧት ነው ያየሁት፤ ከእንግዲህ ቀለም ጠፋ የሚል ሰው ሲመጣ አስቀድሜ ሰዓቱን አያለሁ» አለኝ።

ደብተሩን እስካሁን አስቀምጬዋለሁ። በመጀመሪያው ገጹ ላይ የመምህሬን ምክር ጽፌበታለሁ፤ ከክበባችን አባሎች ማንም ተመሳሳይ ችግር ቢገጥመው ሊወስደው ይችላል፤ ገና ብዙ ባዶ ገጽ አለው።